ወንድምዓለም፣ እማዬን በጠዋት አሳፍራት

ላ ስፔዚያ፣ ጣሊያን፣ ታኅሣሥ 18

ወንድምዓለም፣ ሰላም ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናውም ሥራውም ደህና ነው። አራት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ማዘንህን ከድምፅህ አውቄዋለሁ። እውነትህን ነው። አሁን የላክሁት ለእህታችን ድግስ ከጠየቅኸኝ ግማሹ ነው፤ ቀሪው ከጥምቀት በፊት ይደርሳችኋል። እዚህ የመንገደኛ ጀልባ የሚሠራው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ብርዱ ሲገባ ሥራው ይቀንሳል እንጂ ተቸግሬ አይደለም። ለሙሽራዋ ግን ግማሽ ነው ብለህ እንዳትነግራት፣ አደራ።

ከሠርጉ በኋላ የአዲስ አበባ እንግዶችን ዘጌ ልትወስድ፣ እማዬም በዚያው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ስለቷን ልታደርስ አስባችኋል። ጀልባውና የእግር ጉዞው በአንድ ቀን እንዴት ይገጥማል ላልከኝ፣ ሁሉንም በጀልባ ወስጄ ሁሉንም በጀልባ እመልሳለሁ ብለህ አትነሣ።

እኔ ካለሁበት አጠገብ ቺንኩዌ ቴሬ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በባሕሩ ጠርዝ የተደረደሩ አምስት መንደሮች ናቸው። ጀልባው የሚቆመው አራቱ ጋ ብቻ ነው። ኮርኒሊያ የምትባለው ገደል ላይ ስለሆነች መቆሚያ የላትም፤ ከታች ከባቡር ጣቢያው እሷ ዘንድ ለመድረስ ከ370 በላይ ደረጃ መውጣት ነው። ከሞንቴሮሶ እስከ ቬርናዛ ያለው የእግር መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆንም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሰዓቱን የሚበላው አቀበቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አንዱን ክፍል በእግሩ ይሄድና ሌላውን ከጀልባ ላይ ሆኖ ያየዋል። ማዕበል ሲነሣ ጀልባው መረማመጃውን ከድንጋዩ ጋር ማገናኘት ስለማይችል ጉዞው ይሰረዛል፤ ሰው ግን በባቡር ቤቱ ይገባል። መመለሻው በውሃው ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም። ዘጌም ደሴት አይደለችም፤ አፋፍ በምትባለው ከተማ በኩል የመኪና መንገድ አላት። ያንተ ባቡር እሱ ነው።

ጣናን ታውቀዋለህ፤ ጠዋት እንደ መስተዋት ነው፣ ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ነፋሱ ይነሣል። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ የሞላች ጀልባን በጎኗ ይመታታል። ስለዚህ ከጠዋቱ 12፡30 ተነሡ። አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ 1፡30 ላይ ዘጌ ናችሁ። እማዬ ስለቷን አድርሳ 4፡00 ሲል ወደቡ ላይ ትገኝ፤ አንተ እሷንና አክስቴን ይዘህ ነፋሱ ሳይነሣ ተመለስ። ወጣቶቹ አዝዋ ማርያምን አይተው በጫካው ውስጥ እስከ አፋፍ በእግራቸው ይሂዱ፤ ሚኒባስ እዚያ ይጠብቃቸው። የሚመራቸው የዘጌ ልጅ ይሁን፤ አንተ ጀልባውንም መንገደኛውንም መያዝ አትችልም። መንገዱን አስቀድመህ ራስህ ሄደህ ለካውና ያንተን ሰዓት እጥፍ አድርገው፤ የከተማ ሰው ፎቶ እያነሣ ነው የሚሄደው። የመኪናው መንገድ ሰላም መሆኑንም በዚያው ቀን ማለዳ አፋፍ ደውለህ ጠይቅ።

የደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል በመንገዳችን ነው እንግባ ይሉሃል። ሴት ስለማይገባበት የሙሽራዋ ጓደኞች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ሊጠብቁ ነው፤ የጠዋቱ ጸጥታም ያልቅብሃል። ለሌላ ቀን አቆየው።

የሞተሩ ነገር ያሳስበኛል። 40 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ በየሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበት ይጠፋል። 33 ቢቀርህ ነው። እንግዳ አይመለስም ብለህ ከልኩ በላይ እንዳትጭን፤ የተረፈው በሚኒባሱ አፋፍ ይምጣና ከዚያ ይቀላቀል። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት፣ እንዳትገምት፣ ለካው። ነዳጁን ሦስት ቦታ ክፈለው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ ሦስተኛው የማይነካ። ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን የማቀዝቀዣ ውሃ በዓይንህ ተከታተል። ከቀጠነ ወይም ከቆመ ቅጠል ወይም እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ደፍኖታል ማለት ነው፤ ወዲያው አጥፋው፣ አንሣው፣ አጽዳው። አንድ ደቂቃ ልታገሥ ካልክ ሞተሩ ግሎ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ሞተር መግዣ ከየት ይመጣል? ማለዳ መረብ ገና ውሃ ውስጥ ስለሆነ ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ስታይ በሩቁ ዙር። ወደ አባይ መውጫ በኩል ጉማሬ ስላለ ከደንገሉ ራቅ በል።

የሕይወት አድን ጃኬቱን ሁሉም ሰው ከወደብ ሳይነሣ ይልበስ፤ ከመቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት ማንንም አያድንም። እማዬ ነጠላዬን ያበላሸዋል ትልሃለች፤ ጋቢውን ከላይ ደርብላት።

ለእግረኞቹ፦ የሠርግ ጫማና ሸበጥ ክልክል በል። እዚህ ፓርኩ ራሱ ክፍት ነጠላ ጫማ አድርጎ መንገዱ ላይ መውጣትን ይከለክላል። በዘጌ የደረቀው ቅጠል ሥሩን ስለሚሸፍነው እግር የሚጠመዘዘው እዚያ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ይያዙ። ቡና እንዳይቀጥፉ ንገራቸው፤ እርሻ የማይታረስበት፣ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው፣ የሰዉ ኑሮ ያ ቡና ነው። የዚያ ጫካ ጥላ፣ የጦጣው ጩኸት፣ ከየግቢው የሚመጣው የቡና ቁላት ሽታ... ወንድሜ፣ እዚህ ያለው ባሕር ሰማያዊ ነው፣ ያምራል፤ ግን ጨው ጨው ነው የሚሸተው። ደንገል ደንገል የሚሸት ውሃ ናፈቀኝ።

የእማዬን ጉልበት አስብ። ከወደቡ እስከ ኡራ ሃያ ደቂቃ ያህል አቀበት ነው፤ ለእሷ አርባ ይሁን። በርጩማ የሚይዝ ልጅ ከኋላዋ ይሂድ፣ ደከመኝ ሳትል ራሳችሁ አስቀምጧት፤ እሷ አትልም። ጀልባ ላይ ከፊት አታስቀምጣት፣ የሚያነጥረው ፊቱ ነው፤ ከመሀል ወደ ኋላ ትሁን። ስትወርድ ጀልባው በፊትም በኋላም ይታሰር፣ አንድ ሰው ከላይ አንድ ሰው ከታች ይያዛት። ጠበል በባዶ ሆድ ነው ብላ የግፊት ኪኒኗን እንዳትተው፤ ከመሄዷ በፊት ሐኪሟን ጠይቃችሁ ሰዓቱን አስተካክሉላት። ይህ ሁሉ እኔ መያዝ የነበረብኝ እጅ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ እስኪያልቅ ከዚህ አገር መውጣት አልችልም እንጂ ረስቻችሁ አይደለም፤ እህቴም እንዲህ እንዳታስብ።

ከኡራ ደጅ ስትደርሱ ስልክህን ከፍተህ የእማዬን ድምፅ ቅዳልኝ። ምርቃቱን ሳይሆን፣ ከአክስቴ ጋር የምታወራውን ዝም ብለህ ቅዳ። እንዲሁም የሞተሩን መውጫ ውሃ በቪዲዮ አንሥተህ በዚህ ሳምንት ላክልኝ፤ ቀጭን ከሆነ ከሠርጉ በፊት የውሃ ፓምፑን ላስቲክ እንለውጠዋለን።

ወንድምህ