ያንን ነጻ ቪፒኤን ከስልክህ ላይ አጥፋልኝ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ዱባይ

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እዚህ ለንደን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹ አድገዋል፤ ትልቁ በቁመት ደርሶብኛል። በጣም ተጠፋፋን። አንተም በፈረቃ፣ እኔም በፈረቃ፣ አንዳችን ስንነቃ ሌላችን እየተኛን ጊዜው ነጎደ። ናፍቀኸኛል።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ እህትህ ሰሞኑን ደውላ የነገረችኝ ነገር ነው። ኳስና የሀገር ቤት ድራማ ለማየት ብለህ ነጻ ቪፒኤን፣ ያ ሌላ አገር ያለህ የሚያስመስለውን አፕ፣ ስልክህ ላይ ጭነሃል አሉ። ያው ስልክ ለእናትህ ብር የምትልክበት፣ የባንክህ አፕ ያለበት ነው። ስሰማ ደነገጥኩ።

ናፍቆቱን መቼም አጥቼው አይደለም። እኔ ኳሱ የሚደረግበት ከተማ ተቀምጬ የቅዳሜ ከሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የ3 ሰዓቱን ጨዋታ በቀጥታ ማየት አልችልም። እዚህ አገር ቅዳሜ ከሰዓት በዚሁ አቆጣጠር ከ2፡45 እስከ 5፡15 ድረስ የቀጥታ ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የበርንሊ እግር ኳስ ክለብ ሊቀመንበር የነበረው ቦብ ሎርድ፣ ሰው ቤቱ ሆኖ ካየ የትንንሾቹ ክለቦች ሜዳ ባዶ ይቀራል ብሎ ያስጀመረው ነገር እስካሁን አለ። ያንኑ ጨዋታ ደሴ ፒያሳ ያሉት ጓደኞቻችን ዲኤስቲቪ ቤት ተሰብስበው ያዩታል። የማስተላለፍ መብቱ በየአገሩ ተቆራርጦ ስለሚሸጥ ነው፤ አንተ ዘንድ መብቱን የያዘው ቢኢን ስፖርትስ የሚባለው የክፍያ ጣቢያ ነው። ሰው ወደ ቪፒኤን የሚሮጠው ይህን አጥር ለማለፍ ነው፣ አልፈርድም።

ግን አሠራሩን ልንገርህ። ስልክህ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይዞ ነው። ጣቢያው ቁጥሩን ያይና ከየት አገር እንደሆንክ ገምቶ ያስገባሃል ወይም ይመልስሃል። ቪፒኤን ስትከፍት ግንኙነትህ ተመስጥሮ ሌላ አገር ወዳለ ሰርቨር ወደሚባል ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ጣቢያውም የሚያየው የሰርቨሩን ቁጥር ይሆናል። ኢንተርኔት የሚያቀርብልህ ድርጅት የት የት እንደምትገባ ማየት ያቅተዋል። እሱ ያይ የነበረውን ግን አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ያየዋል። የባንክ አፕ የራሱ ምስጠራ ስላለው የይለፍ ቃልህን በቀላሉ አያገኙትም፤ በየትኛው ባንክ እንደምትጠቀም፣ በስንት ሰዓት እንደምትገባ ግን ያውቃሉ። ሰርቨር ደግሞ በየወሩ ገንዘብ ይበላል። አንተ ካልከፈልክ የሚከፍልልህ ማነው? ምን አግኝቶ?

ሆላ የሚባለውን ነጻ ቪፒኤን አስታውስ። በ2015 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው፣ በነጻ የሚጠቀሙትን ሰዎች ኢንተርኔት ሉሚናቲ በሚባል አገልግሎቱ በኩል ለሌሎች ይሸጥ ነበር። እስቲ አስበው፤ የማታውቀው ሰው በአንተ መስመር ይወጣል፣ ያ ሰው የሚሠራው ነገር ሁሉ በአንተ ቁጥር ይመዘገባል። ያለኸው ደግሞ ኤምሬትስ ነው። እዚያ ቪፒኤን በራሱ ክልክል አይደለም፤ ኩባንያዎችና ባንኮች ለሥራቸው ይጠቀሙበታል። ነገር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ አይፒ አድራሻውን ለውጦ ወንጀል የሠራን ወይም ወንጀሉን የደበቀን ሰው በእስራት፣ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ስንት ዓመት የለፋህበት መኖሪያ ፈቃድ በኳስ ምክንያት አደጋ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም።

ደግሞስ ለሀገር ቤቱ ፕሮግራም ቪፒኤን ምን ያደርግልሃል? ድራማውም ዜናውም አብዛኛው ጣቢያዎቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ የሚለቁት ነው፤ ዱባይም ሆነህ ያለ ምንም ነገር ይከፈትልሃል። ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪፒኤን እያሳደደ ይዘጋል። ከአንድ አድራሻ ሺህ ሰው ሲገባ ያስታውቃላ! ኳሱን ከቤት ልጆች ጋር አዋጥታችሁ የቢኢንን ክፍያ ብትካፈሉት ይሻላል። የ3 ሰዓቱንም ጨዋታ ታገኛለህ፣ እኔ የማላገኘውን።

ስታጠፋው አፑን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ሴቲንግ ግባና ቪፒኤን በሚለው ሥር የቀረ ፕሮፋይል (አፑ ያስገባው ቅንብር) ካለ አስወግደው። ከዚያ የኢሜይልህንና የባንክህን የይለፍ ቃል ቀይር፣ ሰሞኑን የወጣ ገንዘብ ካለም ሂሳብህን ደህና አድርገህ እየው። ካስቸገረህ የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ለቤት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ