የዋና ክበባችን ዓመት፦ መጀመሪያ ገመዱ፣ ከዚያ ዳይቩ

ዘንድሮ የተመዘገቡት ልጆች ገና ከጅምሩ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ቲቸር፣ ዳይቭ መቼ ነው የምንጀምረው?" ዳይቭ ማለት ጭንቅላትን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ መዝለል ነው። የገንዳውን ጥልቀት ለክታችሁ ስትጨርሱ አልኳቸው። ብዙዎቹ ቅር አላቸው።

ገመድ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ምልክት አደረጉ፣ ጫፉ ላይ ክብደት አሰሩና ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ለኩት። ቀጥሎ ስሌት ገባን። ከ1 ሜትር ከፍታ የዘለለ ሰው ውሃው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ10 ሜትር ከሆነ 50 ይደርሳል። ይህን ፍጥነት ለማብረድ ውሃው ጥልቅ መሆን አለበት። ካልሆነ ጭንቅላት ወለሉን መትቶ ሲቆም የቀረው አካል ከኋላ እየገፋ ይመጣል፣ ጫናው ሁሉ አንገት ላይ ያርፋል። አጥንቱ ተሰብሮ ህብለ ሰረሰር ከተጎዳ እጅና እግር ለዕድሜ ልክ ሽባ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው፣ ምክንያቱም እንዲህ የሚጎዱት በብዛት ወጣቶች ናቸው፣ ያውም ጥልቀት በሌለው ውሃ።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል በጭንቅላት ለመግባት ቢያንስ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይመክራል። እኛም ይህንኑ የክበባችን ደንብ አደረግነው። ከዚያ በታች በእግር ብቻ። ጥልቁ ጋ ስንለማመድም እጅ ወደፊት ተዘርግቶ፣ ጭንቅላት በክንዶች መሃል ሆኖ ነው።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሳው በአሜሪካዊው የዳይቭ ተወዳዳሪ በግሬግ ሎጋኒስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ሲዘል ጭንቅላቱ የመዝለያ ሰሌዳውን መታ፣ ተሰፋ፣ ተመልሶ ዘለለ፣ በመጨረሻም ወርቅ ወሰደ። ልጆቹ ጀግና ነው አሉ። ብቃቱን እኔም አደንቃለሁ፤ ግን ዛሬ ባለው የሕክምና ምክር የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ስፖርተኛ በዚያው ቀን አይመለስም። ራስን መሳት ግዴታ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ወይም የሆነውን መርሳት ለጥርጣሬ ይበቃል፣ ምልክቱ ደግሞ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እዚህ ላይ አልደራደርም። በጀርባ ሲዋኝ ግድግዳ የመታው አንዱ አባላችን "ምንም አልሆንኩም" እያለ ቢለምነኝም ከውሃ አስወጥቼ ቤተሰቦቹን ጠራሁ፤ አኩርፎኝ ነበር፣ ሐኪም አይቶት ደህና ሆኖ ሲመለስ ግን ለሌሎቹ ምልክቶቹን ያስረዳው እሱ ነው።

አንገቱ የተጎዳ የሚመስለውን ሰው እንዴት እንደምንይዝም ተለማምደናል፦ እርዳታ መጥራት፣ ፊቱን ወደላይ አድርጎ ማንሳፈፍ፣ ጭንቅላት፣ አንገትና ወገብ አንድ መስመር ላይ ማቆየት። መተንፈስ እስከቻለ ድረስ ጎትቶ ለማውጣት መጣደፍ የለም።

ውድድሮቻችንም ጥሩ ነበሩ፣ በተለይ የቅብብሉ ቡድን። ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ክፍት ነው፤ አዲስ የሚገቡትን ገመዱን ይዘው የሚያስለኩት ዘንድሮ የለኩት ልጆች ናቸው።