«በጣም ቆንጆ ነው» የተከለከለበት ዓመት፦ የሥነ ጥበብ ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በስህተት ነው። ስህተቱም የእኔ ነው። ሁለት ዓይነ ስውራንና አንዲት ጭላንጭል የምታይ ተማሪ ሲመዘገቡ፣ «ሥዕሉን እንዴት ነው የማስረዳቸው?» ብዬ ተጨነቅሁ። እነሱ ለእኛ የሚያስረዱት ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

በመጀመሪያው ስብሰባ አንዱ ልጅ ከተወለደች ጀምሮ የማታየውን ተማሪ «ሰማያዊ ሲባል ምን ይመጣብሻል?» አላት። ሳቀች። «ይህን ስንቴ እንደተጠየቅሁ ብታውቅ! ምን እንደምወድ ግን የጠየቀኝ የለም።» እሺ፣ ምን ትወጃለሽ? ወንበር የወጣለት ባዶ አዳራሽ። ኮቴዋ ግድግዳው ጋ ደርሶ ሲመለስ የክፍሉን ስፋት ትሰማዋለች። እኛም ዓይናችንን በጨርቅ አስረን ሞከርነው። እኔ ከግድግዳ ጋር ከመላተም በቀር ያተረፍኩት የለም። «ይሄ እኮ መጥፋት እንጂ ዓይነ ስውርነት አይደለም» አለችን። ጨርቁን ከዚያ ወዲህ አላወጣነውም።

ከዚያ ወደ ሸክላ ጭቃ ገባን። ዓይን ሙሉውን አይቶ ነው ወደ ዝርዝሩ የሚወርደው። እጅ ግን ከዝርዝሩ ይነሳል። አንድ ልጅ የሠራውን የሰው ጭንቅላት እኛ በአንድ እይታ ጨረስነው። ዓይነ ስውሩ ጓደኛው ግን ሩብ ሰዓት ያዘው። ከጆሮው ተነስቶ በአገጩ ዞረ፣ ከዚያ በሁለት መዳፉ አቀፈውና «ማጅራቱን ረስተኸዋል» አለ። እውነትም ከኋላ ጠፍጣፋ ነበር። ሠሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር የሠራው።

አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ወስደናቸው «አትንኩ» ተብለን ተመልሰናል። ብዙ አልልም። ግን ጣሊያን ውስጥ አንኮና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ኦሜሮ የሚባል ሙዚየም አለ፤ እዚያ ቅርጻ ቅርጹ የተቀመጠው እንዲነካ ነው። የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2015 የታወቁ ሥዕሎቹን ግልባጭ በእጅ እንዲዳሰስ አድርጎ ለጎብኚ አቅርቧል። በ19 ወሯ እይታዋንም መስሚያዋንም ያጣችው ሄለን ኬለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 እጇን ሬዲዮ ላይ አድርጋ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ሲምፎኒ በንዝረቱ ተከታትላለች። ልጆቹ ይህን እንደሰሙ የሙዚቃ ክበብን ድምፅ ማጉያ ማቀፍ ጀመሩ። ለተፈጠረው ረብሻ የሙዚቃ ክበብን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሌላም ይቅርታ አለብኝ። ጭላንጭል የምታየዋን ልጅ «ወደ ሰሌዳው እዪ!» እያልኩ ስቆጣት ከርሜያለሁ። ለካ ቀጥ ብላ ስታይ መሃሉ ይጠፋባታል፤ የምታየው በጎን ነው። አንገቷን ያዘነበለችው ልታይ ነበር። ሥዕል ስታይ አፍንጫዋ ሸራውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ታዲያ የቀለሙን ውፍረት፣ ብሩሹ የዞረበትን ሁሉ የምትነግረን እሷ ናት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔም በእርጅናው የዓይን ሞራ ጋርዶት ቀለሙ ተዛብቶበት እንደነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1923ም ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ስነግራት «እና መሳሉን ተወ?» አለች። አልተወም።

ሥዕል ለጓደኛ ስንገልጽ «በጣም ቆንጆ ነው» ማለት የተከለከለው ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ላይ ነው። ያለዚህ ቃል ግማሾቻችን አፋችን ተያዘ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ገለጻ ይህ ነው፦ «ሴትዮዋ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ብርሃኑ ማጅራቷ ላይ ብቻ ነው ያረፈው።» ከዚያ ያቺው አዳራሽ ወዳዷ «ውጭ ምን እያየች ነው?» ብላ ጠየቀች። ሥዕሉ ክፍላችን ከተሰቀለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

በዓመቱ መጨረሻ ሥራዎቻችንን ደርድረን «እባክዎ ይንኩ» ብለን ጻፍን፣ በብሬይልም ጭምር። ወላጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አለፉ። መጀመሪያ የነካው የአንድ መምህር የሦስት ዓመት ልጅ ነው። የጭንቅላቱን ጆሮ ሰበረው። ልጆቹ ሌላ ሠርተውለታል፤ ከቀድሞው ትንሽ ይተልቃል።