የታሪክና የሥነ ጥበብ ክበብ ዘገባ፦ ድብ በመካከለኛው ዘመን ሥዕልና ቅርጽ

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ እንስሳ አማካይነት አንድን ዘመን ለማጥናት ሲወስን፣ ድብን የመረጡት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ድብ በአገራችን ስለማይገኝ አብዛኞቹ የሚያውቁት ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ከሚተርከው ከመጽሐፈ ሳሙኤል ነበር።

የጀመርነው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስለ እንስሳት ከተጻፉት ባለሥዕል መጻሕፍት ነው። በእነርሱ ትረካ የድብ ደቦል ሲወለድ ቅርጽ የሌለው ሙዳ ሥጋ ሲሆን፣ እናቲቱ እየላሰች መልክ ታወጣለታለች፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን የሴቪል ጳጳስ የነበረው ኢሲዶር የድብን የላቲን ስም ሳይቀር ከዚህ ጋር አያይዞ ተርጉሞታል።

ረጅሙን ጊዜ የሰጠነው ግን መነኩሴው ቱኦቲሎ በ895 እ.ኤ.አ. ገደማ ከዝሆን ጥርስ ለቀረጸውና በስዊዘርላንድ በሳንክት ጋለን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ለሚገኘው የወንጌል መጽሐፍ ሽፋን ገበታ ነው። በገበታው ላይ የተቀረጸው ትረካ ይህ ነው፦ ገዳሙ በስሙ የተጠራለት መነኩሴ ቅዱስ ጋሉስ በምድረ በዳ ሳለ ሌሊት ድብ መጣበት፤ እርሱም እንጨት ወደ እሳቱ እንዲያመጣ አዘዘው፤ ድቡ ሲታዘዝም ኅብስት ሰጠው። ቀራጩ ድቡን በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳይቶታል፦ አንድ ጊዜ ግንዱን ተሸክሞ፣ ሌላ ጊዜ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ኅብስቱን ሲቀበል። የቅዱሱ ባልደረባ ሒልቲቦድ በጎን ተጋድሟል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ባየች ጊዜ በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው የሚሣሉትን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አስታወሰችን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውይይታችን አራዊት ለቅዱሳን መታዘዛቸው በሁለቱ አገሮች ሥዕል እንዴት እንደተገለጸ ወደ ማነጻጸር ዞረ፤ በእኔ እምነት የዓመቱ ምርጥ ሥራችን ይህ ነበር።

በሰሜን እንግሊዝ በብሮምፕተን የሚገኙትን የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመቃብር ድንጋዮች ያየነው በአንድ ስብሰባ ብቻ ነው። በድንጋዮቹ ጫፍና ጫፍ ያሉት ድቦች ድንጋዩን በፊት እግሮቻቸው አቅፈው ይዘዋል፤ አፋቸው ግን ታስሯል። ለምን ታሰረ የሚለው ጥያቄ ተማሪዎቹን ከስብሰባው ሰዓት በላይ አቆያቸው።

በግንቦት ወር አባላቱ የጋሉስን ትዕይንት በሸክላ ጭቃ ቀረጹት። የመጀመሪያው ሲደርቅ የድቡ ክንድ ከነግንዱ ተሰብሮ ወደቀ፤ በሁለተኛው ግንዱን ከድቡ ትከሻ ጋር አያይዘው በመሥራታቸው ጸንቶላቸው፣ አሁን በቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ ተቀምጧል።