ካርታውን ከጠረጴዛው ለምን እንደለየነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ከዚህ ወር ጀምሮ የስትራቴጂ ጨዋታ ጠረጴዛ ስታዙ ካርታው ተለጥፎበት አይመጣላችሁም። ጠረጴዛው ለብቻው ይሠራል፤ ካርታውም ለብቻው። ጠረጴዛው መሐሉ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ያለ ነው። ካርታው በስስ ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ሲያስፈልግ ይነሳል። «የተለጠፈው ያምር አልነበር እንዴ? ለምን ተቀየረ?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። በስልክ በጥድፊያ ከመመለስ በደንብ ጽፈን ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። የጠረጴዛውን እግርና ጠርዝ የምንሠራው በዋንዛ ነው። ዋንዛ ለመላጊያ አያስቸግርም። ቫርኒሽ ሲቀባ ደግሞ ውስጡ ያለው መስመር ፍንትው ብሎ ይወጣል። እንወደዋለን። ግን የትኛውም እንጨት ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መሳቡንና መልቀቁን አያቆምም። አየሩ ሲረጥብ በወርዱ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በቁመቱ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ወርክሾፓችን ያለባት ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍናት፣ የታጠበ ልብስ እንኳ ሳይደርቅ እንደሚሰነብት ታውቁታላችሁ። ኮምቦልቻ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም ሌላ ነው። እዚህ ተሠርቶ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ጠረጴዛ ኮምቦልቻ ሳሎን ሲገባ የሚያገኘው አየር የተለየ ነው። አንድ ሜትር ወርድ ያለው ድፍን ጣውላ በክረምትና በበጋ መካከል በሚሊ ሜትሮች ይሰፋል፣ ይጠባል። ላዩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ወይም ስቲከር ግን አብሮት አይሄድም። ጣውላው ሲሰበሰብ ካርታው ይሸበሸባል፤ ሲሰፋ መጋጠሚያው ላይ ይላቀቃል። የተሸበሸበ ካርታ ደግሞ ተጫዋች ያጣላል። ወንዙ በየት በኩል እንዳለፈ፣ ጦሩ የትኛው ቤት (የካርታው ክፍልፋይ) ውስጥ እንደቆመ መለየት ያቅታል።

ስለዚህ የገባው ክፍል ወለል ኮምፔርሳቶ ነው። ኮምፔርሳቶ ስስ እንጨቶች አንዱ በቁመት፣ ቀጣዩ በወርድ እየተደረቡ በኮላ የተጣበቁበት ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። እንደ ልቡ አይሰፋም። ከዋንዛው ጠርዝ ጋር በኮላ አናያይዘውም፤ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት እንተዋለን። ጠረጴዛው ሲደርሳችሁ አጎንብሳችሁ ከሥሩ ብታዩ ክፍተቱ ይታያችኋል። ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ዋንዛው ክረምት ላይ ሲሰፋ መሄጃ ይፈልጋል።

ሌላው ምክንያት ቡና ነው። ረጅም የስትራቴጂ ጨዋታ ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጃል። ወሎ ውስጥ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ ቡና የማይቀርብበት ቤት የት አለ? አቦሉም ቶናውም በረካውም ጨዋታው መሐል ይመጣል። የተለጠፈ ካርታ ላይ ቡና ከፈሰሰ ጠረጴዛው በሙሉ ይበላሻል። ካርታው የሚነሳ ከሆነ ግን የሚነካው አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱም ይታደሳል። ሰሌዳው የሚሠራበት ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) በተለይ ጠርዙ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ የሰሌዳውን ጠርዝ በሙሉ በቀጠነ ኮላ አጥግበን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን ደጋግመን ቫርኒሽ እናለብሰዋለን። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቡናው እዚያ ድረስ አለመድረሱ ነው። በእያንዳንዱ ተጫዋች በስተቀኝ፣ ከጠርዙ ሥር የምትሳብ ትንሽ የሲኒ ማስቀመጫ አለች። ሲኒው ከካርታው ውጭ፣ ከክንዳችሁም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

ጠረጴዛው ክዳንም አለው። ሦስት የዋንዛ ክዳኖች ከላይ ሲገጠሙ የምግብ ጠረጴዛ ይሆናል። ጨዋታው ሳያልቅ ምሳ ቢደርስ ጠጠር መሰብሰብ የለም። ክዳኑን ግጠሙ፣ ትሪውን አስቀምጡ፣ ብሉ። ጦራችሁ እንደቆመ ከሥር ይጠብቃችኋል። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ጀምራችሁ ለስሑር የምታቋርጡ ደንበኞቻችን ይህን ክዳን በጣም ወዳችሁታል። እኛም ለእናንተ ስንል ቀለል አድርገነዋል፤ አሁን አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል።

የሚቀያየር ካርታ ጥንትም የነበረ ሐሳብ ነው። ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የተባለ ፕሩሲያዊ በ1812 እ.ኤ.አ. ለንጉሡ የጦር ጨዋታ ጠረጴዛ ሠርቶ ነበር። ከሥሩ መሳቢያዎች ነበሩት። መሬቱ ደግሞ ኮረብታ፣ ወንዝና መንገድ የተቀረጸባቸው የጀሶ ቁራጮች ነበሩ። ቁራጮቹን አቀያይሮ ሲደረድራቸው ሌላ የጦር ሜዳ ይወጣል። ልጁ በ1824 እ.ኤ.አ. የጨዋታውን ደንብ ሲያሳትም ከጀሶው ወጥቶ 1:8,000 መጠን ባለው (መሬቱን 8,000 ጊዜ ባሳነሰ) ካርታ ላይ አደረገው። የፕሩሲያ መኮንኖችም በዚያ ተለማመዱ። የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥም ቢሆን ብዙ ጊዜ መስመር በተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ላይ ነበር የሚጫወቱት። ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም። ሲጀመር ተራ መጠበቅም የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ወረራ ይባላል። ለፈለገ ሰው በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ የሰንጠረዥ ጨርቅ እንሠራለን። በእኛ እምነት ከየትኛውም የውጭ ጨዋታ ጎን ለጎን ሊቀመጥ የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። የምንደክመው እዚህ ላይ ነው።

ደጋግማችሁ የምትጠይቁን የዓድዋ ዘመቻን ካርታ ነው። ደስ ይለናል፤ መንገዱ የእኛው ደጅ ነውና። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በ1888 ዓ.ም. ጦሩ የተሰበሰበው ወረኢሉ ነው። ከዚያ ኅዳር 28 አምባላጌ፣ ቀጥሎ መቀሌ፣ የካቲት 23 ዓድዋ። ከወረኢሉ እስከ ዓድዋ በቀጥታ ሲለካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በ1:50,000 እንሥራው ብንል ካርታው ስምንት ሜትር ይረዝማል። የማን ሳሎን ይበቃዋል? በ1:500,000 ግን 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ ሰሌዳ 90 በ150 ስለሆነ ከበቂ በላይ ቦታ ይተርፋል። ከምሥራቅ የዓፋርን ቆላ፣ ከምዕራብ ላስታን ማስገባት ይቻላል።

ችግሩ ከፍታው ላይ ነው። በ1:500,000 ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሐረጎን በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ቢያይ ይከፋዋል። ስለዚህ ከፍታውን ሦስት እጥፍ እናጎላዋለን፤ መጉላቱንም ካርታው ጥግ ላይ እንጽፋለን። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ 500 ሜትር ከፍታ አንድ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይሆናል። በሌዘር ቆርጠን አንዱን በሌላው ላይ እንደርባለን። የከፍታውን ልክ የምናገኘው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በራዳር ለክቶ ለሁሉም ሰው ክፍት ከሆነው መረጃ ነው። በየ30 ሜትሩ አንድ ቁመት ይሰጣል፤ ለጨዋታ ካርታ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

«እውነተኛ ተራራ ይመስል ተዳፋት አድርጉት» የምትሉ አላችሁ። አናደርገውም። ተዳፋት ላይ ጠጠር አይቆምም፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይንሸራተታል። የወሎ ገበሬ ገደሉን በእርከን እንደሚያርሰው እኛም ተራራውን በእርከን ነው የምንሠራው። እያንዳንዱ እርከን ላዩ ጠፍጣፋ ነው፤ ጦሩ የትም ይቆምበታል። ከዓፋር ወደ ደጋው የሚወጣ ሠራዊት ስንት እርከን እንደወጣ በጣታችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ደንቡ ላይ «ሽቅብ መውጣት ሁለት እጥፍ ያደክማል» ካላችሁ ሽቅቡ የት እንደሆነ ማንም አይከራከርም።

ቤቶቹን ባለ ስድስት ማዕዘን የምናደርገውም ከክርክር ለመዳን ነው። በአራት ማዕዘን ቤት በሰያፍ የሚሄድ ጠጠር ቀጥ ብሎ ከሚሄደው 1.41 እጥፍ ይርቃል፤ ሁለቱም ግን «አንድ ቤት» ይባላሉ። በስድስት ማዕዘን ከመሐል ወደ ስድስቱም ጎረቤት ርቀቱ እኩል ነው። አቫሎን ሂል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጌቲስበርግ ጨዋታ ይህን ቤት ከተጠቀመ ወዲህ የጦር ጨዋታ ሠሪዎች ወደውት ቀሩ። የእኛ ቤት 25 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በዓድዋው ካርታ ላይ 12.5 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጓዙን ጭኖ ተራራ የሚያቋርጥ ጦር በቀን ከዚያ እምብዛም አይርቅም። አንድ ቤት አንድ ቀን ነው ብላችሁ ብትጫወቱ ያስኬዳል። እንደ ሪስክ 42 ግዛት ያላቸው፣ በወሰን የሚሄዱ ጨዋታዎች ግን ስድስት ማዕዘን አያስፈልጋቸውም። ለእነሱ ወሰኑን ብቻ እንስላለን።

የቦታ ስም ከአራት ሚሊ ሜትር ባነሰ ፊደል አንጽፍም። ፊደላችን በትንሽ ጭረት ስለሚለያይ ከሩቅ «ቡ» እና «ቢ» ይምታታሉ። የወገን ቀለም ስትመርጡም ቀይና አረንጓዴ ብቻ አትበሉን። ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከቀለሙ በተጨማሪ የቅርጽ ምልክት እናደርጋለን፤ ይህንን አናስከፍልም።

በገበያ ያለ ጨዋታ ሰሌዳ ቀድተን አናትምም። የሌላ ሰው የእጅ ሥራ ነው። ካርታ ከባዶ እንስላለን። ካታን የተባለውን ጨዋታ የገዛችሁ ግን 19ኙ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁራጮች እንዳይንሸራተቱ ልካቸው የተቆረጠ መያዣ እንሠራላችኋለን። የራሳችሁን ጨዋታ የፈጠራችሁ ደግሞ በጣም ደስ እያለን እንቀበላችኋለን። ከዓፋር አሞሌ ጨው ጭኖ በባቲ ሰኞ ገበያ በኩል ደሴ የሚገባ የነጋዴዎች ጨዋታ እንዲሠራለት የጠየቀን ወጣት አለ። ካርታውን በመሳል ላይ ነን፤ ልባችን እሱ ላይ ነው።

የሰሌዳው ወርድ ከ90 ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋ የምትጠይቁ አላችሁ። ባይሰፋ እንመክራለን። ተቀምጦ እጁን የዘረጋ ሰው ከ70 ሴንቲ ሜትር ብዙ አይደርስም። ጠረጴዛው ከሰፋ መሐል ያለውን ጠጠር ለማንሳት ከወንበር መነሳት ይመጣል። ደሴ ደግሞ ማታ ማታ ጋቢ ደርቦ ነው የሚጫወተው። የጋቢው ጥለት አንድ ጊዜ ካርታው ላይ ካለፈ ግማሹን ሠራዊት ይዞ ይሄዳል። ርዝመቱን ግን እንደፈለጋችሁ።

ካርታው የተለጠፈበት ጠረጴዛ ያላችሁ፣ አብሽሩ። አይጣልም። ዙሪያውን ጠርዝ ጨምረንለት ገባ ያለ እናደርገዋለን፤ አዲሱ ሰሌዳ ከላይ ይቀመጥበታል። የምታስከፍላችሁ የጠርዙ ዋንዛ ብቻ ናት፤ የእጅ አናስከፍልም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ጠረጴዛውን ይዛችሁ መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ እኛው መጥተን እንለካለን። አዲስ አበባና ወልድያ ለምትወስዱት እግሩ በብሎን ስለሚፈታ አይሱዙ ላይ ብዙ ቦታ አይዝም።

አዲስ ስታዙ ቀብዱ ግማሽ ነው። ካርታውን ወደ ሌዘር ከመላካችን በፊት በተራ ባነር ላይ አትመን እንሰጣችኋለን። ወደ ቤት ውሰዱት፤ አንድ ሁለት ማታ ተጫወቱበት። የጠበበ ቤት፣ የተሳሳተ ስም፣ መሻገሪያ የሌለው ወንዝ ስታገኙ በእስክሪብቶ እላዩ ላይ ጻፉበት። ኤምዲኤፉ ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፤ ባነር ላይ ግን ምንም አያስወጣም። ስትመልሱት አታጥፉት፤ እጥፋቱ ላይ የጻፋችሁት ይደበዝዛል። ጠቅልላችሁ አምጡት።

አክባሪዎቻችሁ፣
የወርክሾፑ ሠራተኞች
ደሴ