ዘንድሮ ክረምት አስጎብኚዎቹ ልጆቻችሁ ይሁኑ

ሰኔ 2017 ዓ.ም.
ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ስለ ክረምት ጉብኝትና ሽርሽር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ፈተናው አልቋል። ልጆቹ በቅርቡ ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስለ ውጤት ካርዱ ይናገራል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክረምቱ ነው፤ በተለይም ስለ ክረምት እንግዶቻችሁ።

ሐምሌ ሲገባ የብዙዎቻችሁ ቤት ይሞላል። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ የሚመጡ ወንድም እህቶቻችሁ ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡት በዚህ ሰሞን ነው። እዚያም ትምህርት የሚዘጋው አሁን ነውና። መስከረም ላይ ግን ተማሪዎቻችንን "ከእንግዶቻችሁ ጋር የት የት ሄዳችሁ?" ብለን ስንጠይቅ የምንሰማው ተመሳሳይ ነው። ዘመድ ጥየቃ፣ ሞል፣ ምሳ ግብዣ፤ ከዚያ ዝናብ ስለነበረ ቤት። የአክስት ልጆች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሁሉም የየራሱን ስልክ ሲያይ ይውላል።

ዘመድ መጠየቅ የግድ ነው። አያቶችም ናፍቀዋል። ግን ከመጡ አይቀር አገሩን ይዩት። የማስጎብኘቱን ሥራ ደግሞ ለልጆቻችሁ ስጧቸው። የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ልጅ ክፍል ውስጥ የተማረውን ለሌላ ልጅ ሲያስረዳ ያን ጊዜ ትምህርቱ የራሱ ይሆናል። የአጎቱ ልጅ አማርኛ ባይችል እንኳ በእጅም፣ በምልክትም፣ በተማረው እንግሊዝኛም ብሎ ያስረዳዋል። በዚህ አትጨነቁ። ልጆች ለመግባባት ከእኛ ይፈጥናሉ።

ከቅርቡ ጀምሩ። አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ብዙ ወጪ የለውም፤ ዝናብም አያስተጓጉለውም። ድንቅነሽ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ይህን ልጆቻችሁ በቃላቸው ያውቁታል። መጽሐፍ ላይ የማይታወቀው ቁመቷ ነው። እዚያ ቆማ የምትታየው ቅርጿ ከአንድ ሜትር ብዙም አትዘልም። ልጃችሁን አጠገቧ አቁሙት። የ2ኛ ክፍል ተማሪ ይበልጣታል። እንግዳው ልጅም አብሮ ይለካ። መስታወቱ ውስጥ ያሉት አጥንቶች ቅጂ መሆናቸውን፣ ዋናዎቹ በጥንቃቄ ተለይተው እንደሚቀመጡም ንገሯቸው። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር በትክክል ማወቅ ይወዳሉ።

ከዚያ ስድስት ኪሎ በእግር ይደረሳል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል። ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም አለላችሁ። እንጦጦ ማርያም ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱት። ልጅ ሲደክመው ምንም አያይም።

መኪና ላላችሁ ወይም ተዋጥታችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ለምትይዙ፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው የቡታጅራን መንገድ ነው። አንድ ቀን ይበቃል። ሦስት ቦታ ታያላችሁ፤ ሦስቱም የተለያየ ዘመን ናቸው።

መጀመሪያ መልካ ቁንጡሬ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽ ዳር የጥንት ሰዎች ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ጀምረው የድንጋይ መሣሪያ ሲሠሩ የኖሩበት ስፍራ ነው። በአቅራቢያው ካለው የባልጪት ስፍራ ጋር ሆኖ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በጎጆዎች ውስጥ የተደራጀች ትንሽ ሙዚየም አለችው። ልጆቹ ባልጩቱን በደንብ እንዲያዩት አድርጉ። ጥቁር ነው፤ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። ጠርዙ ዛሬም ሥጋ ይቆርጣል። መሬት ላይ ያገኙትን ግን ኪሳቸው እንዳይከቱ። ቅርስ ነው፤ ባለበት ይቆይ።

ቀጥሎ አዳዲ ማርያም። ከአንድ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ላሊበላ መድረስ ላልቻለ እንግዳ ትልቅ ዕድል ነው። ጣራዋ ከመሬት እኩል ስለሆነ እስክትቀርቧት አትታይም። ደረጃውን ወርዳችሁ ትገባላችሁ። ውስጡ ጨለም ይላል። ጫማ ስለሚወለቅና ክረምት ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ለልጆቹ ወፍራም ካልሲ ያዙ። በሩ ተዘግቶ ከሆነ የሚያገለግሉትን አባቶች በትሕትና ጠይቁ፤ ይከፍቱላችኋል።

መጨረሻ ጢያ። እዚህ ቆይታችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ከቅርጾቹ ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። ከሥራቸው መቃብሮች ተገኝተዋል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ሲል ይሰማል። ድንጋዮቹ ግን ከኢማም አሕመድ ዘመን ይቀድማሉ። ሰይፎቹ ምን ለማለት እንደተቀረጹ እርግጠኛ መልስ የለም። ስለዚህ ልጆቹን አትንገሯቸው፤ ጠይቋቸው። አንዱ የጀግኖች መቃብር ነው ይላል፤ ሌላው ሰይፎቹን መቁጠር ይጀምራል። ከውጭ የመጣው ልጅና እዚህ ያደገው ልጅ እኩል የሚከራከሩበት ቦታ ነው። በዚህ ወቅት ሣሩ ለምልሞ ድንጋዮቹ በአረንጓዴ መካከል ስለሚቆሙ ለፎቶም ያምራል።

ጊዜና አቅም ያላችሁ ሐረርን አስቡ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ሌሊት ጅብ ሲቀለብ ያየ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም። ቀን ደግሞ የሐረሪ ቤት ግቡ። ግድግዳውን ሞልተው የተሰቀሉትን ስፌቶች የሠሩት የሐረር ሴቶች ናቸው። ራቅ ወዳለ ቦታ ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ጸጥታ አጣሩ። እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ ይቅር። ላሊበላም ጎንደርም የትም አይሄዱም።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዝቅተኛ አገር የመጣ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ይደክመዋል፤ ራሱንም ሊያመው ይችላል። በመጣ ማግስት እንጦጦ አታውጡት። ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ፤ ውኃ ይጠጣ። ጉዞ ሁሉ በጠዋት ይሁን፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነውና። ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቅያሪ ልብስ ያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንዝ! ክረምት ወንዝ አይታመንም። እናንተ ጋ ሳይዘንብ ላይ ላይ ዘንቦ ደራሽ ይመጣል። ልጆቹ ለፎቶም ቢሆን ዳር አይቅረቡ። የሞላ ወንዝም በመኪና አትሻገሩ። ሲጎድል ጠብቁ፤ ካልጎደለ ተመለሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለዘመዶቻችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩልኝ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 19። የመመለሻ ትኬት ያልቆረጠ ካለ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም ከፈቀደ፣ ቡሄን ሳያዩ አይሂዱ። እንቁጣጣሽን ብዙዎቹ አይደርሱበትም። ቡሄን ግን ሊደርሱበት ይችላሉ። ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በር በር ሲዞሩ እንግዳውንም ይዘውት ይውጡ። መሬቱን በዱላ መምታቱን በአንድ ቤት ይለምደዋል፤ ተቀባይ ሆኖ ይዘፍናል። ሙልሙሉን ራሱ ይቀበል። ማታ ችቦ ሲበራ አብሮ ይቁም። የሰፈራችሁ ልጆች ይህን ልማድ ትተውት ከሆነ የእናንተ ልጆች ይጀምሩት።

እንግዳ የማይመጣባችሁ ወላጆችም እንዳትቀሩ። የጎረቤት ልጅ፣ ወይም አያቱን ሊጠይቅ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነው።

የክረምት የቤት ሥራ አንሰጥም። ነገር ግን ልጃችሁ ለማን፣ የትኛውን ቦታ እንዳስጎበኘና እንግዳው ምን ብሎ እንደጠየቀው በአንድ ገጽ ጽፎ ወይም ሥሎ መስከረም ላይ ቢያመጣ በደስታ እንቀበላለን። የቤተ መጻሕፍታችንን አንድ ግድግዳ ባዶ አድርገን እንጠብቃለን። የምዝገባው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳና በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይገለጻል።

መልካም ክረምት ይሁንላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር