የሰማያዊዋ አበባ ስም ማን ነበር?

አዲስ አበባ፣ መስከረም 28

እህት ዓለሜ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆችሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት "ደህና ነኝ" ስልሽ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። ከየት እንደምጀምር ቢጠፋኝ ሰው ሁሉ ከሚጀምርበት ጀመርኩ።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። እማሆይ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። አንቺ ከጀርመን ድረስ መጥተሽ ተዝካራቸውን ስታወጪ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ጎጃም መምጣት አቃተኝ። ያን ጊዜ የነገርኩሽ እውነት ነበር፤ ልጄ ታማብኝ ነበር። ከዳነች በኋላ ያሉት ወራት ግን ምንም ምክንያት የላቸውም። አፈርኩ። ሐፍረት ደግሞ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ስልኩን ስንቴ አንስቼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ የልጅ ካልሲ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እንጦጦ ወጣን። ማታ ካልሲዋን ላጥብ ስል ዙሪያውን ጥቁር ጥቁር መርፌ ተሰክቶበታል። በውሃ አይለቅ፣ በብሩሽ አይለቅ። በጥፍሬ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሳለ መጥታ "ምንድን ነው?" አለችኝ። ሳላስበው "የሰይጣን መርፌ" አልኳት። ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ከሜዳ ስንመለስ ቀሚሳችንን እያዩ "ደሞ ዛሬም የሰይጣን መርፌ ለቅማችሁ መጣችሁ?" የሚሉት የእማሆይ ድምፅ ነበር።

አንዷን ፍሬ መብራት ሥር ይዤ አየኋት። ቀጭን ናት፤ ከሩዝ ትረዝማለች። ጫፏ ላይ ሁለት ጥርስ አላት፤ ሦስት ያላቸውም አሉ። ጥርሱ ላይ ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ፣ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። ለዚህ ነው ሲገባ እሺ ብሎ፣ ሲያወጡት እምቢ የሚለው። የዕፅዋት አጥኚዎች ወገኑን በላቲን "ቢደንስ" ይሉታል፤ "ባለ ሁለት ጥርስ" ማለት ነው። አሁን የምነግርሽን ግን ልብ በዪ። አደይ አበባም ቢደንስ ናት! ሁለቱ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። አንዷ አሜሪካ በቅላ፣ በሰው ልብስና በከብት ፀጉር ተሰክታ ዓለምን ስትዞር የሰይጣን መርፌ ተባለች። ሌላዋ እዚሁ ደጋችን ላይ ሆና የመስቀል አበባ ተባለች። ትግርኛ ተናጋሪው ገልገለ መስቀል ይላታል፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኬሎ።

ልጄ በአንድ ስም የምትመለስ አይደለችም። የለቀመችውን አበባ ብርጭቆ ውስጥ ከታው ነበርና ጣቷን እየቀሰረች "ይሄስ? ይሄስ?" ትለኛለች። አደይን ነገርኳት። መጭን ነገርኳት። ማገጥን ነገርኳት። ከዚያ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰማያዊ አበባ አሳየችኝ። ጠዋት ስትቀጥፋት ፈክታ ነበር፤ ማታ ተጨማዳ እርጥብ ወረቀት መስላለች። ስሟ ጠፋኝ። እኔና አንቺ ወንዝ ዳር በየቀኑ የምንጫወትባት አበባ! ብጠይቃቸው እማሆይ የሉም። አንቺን ደግሞ ራሴ አርቄሻለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ተነስቼ የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ከመሳቢያ አወጣሁት። እዚያ ስላሉት የዱር አበቦች የጻፍሽልኝን። በረዶው ሳይለቅ ብቅ የምትለው ነጭ አበባ "የበረዶ ደወል" እንደምትባል ነግረሽኛል። ሣር ውስጥ የምትረገጠው ትንሿ "የዝይ አበባ" ናት ብለሻል፤ ልጃገረዶች ነጩን ቅጠሏን እየነቀሉ "ይወደኛል፣ አይወደኝም" ይባባሉባታል። ቅጠሉ እንደ መጋዝ የተበላው ቢጫ ደግሞ "የአንበሳ ጥርስ"። እዚያም ጥርስ፣ እዚህም ጥርስ! ከሁሉ የወደድኩት "የሰማይ ቁልፍ" የምትሉትን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ የመንግሥተ ሰማያትን ቁልፍ ከእጁ ጣለው፤ የወደቀበት ቦታ ላይ ይህቺ አበባ በቀለች። በአንድ ዘንግ ላይ ወደ አንድ ጎን ተንጠልጥለው የወጡት ቢጫ አበቦች የቁልፍ ዘለላ ስለሚመስሉ ነው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው አበባዋን ተንበርክኮ አይቷታል።

መጨረሻ ላይ ስለ "አትርሺኝ" ጽፈሻል። ፈረሰኛው ለሚወዳት ልጅ አበባ ሊቀጥፍ ወንዝ ዳር ጎንበስ ይላል፤ የለበሰው ብረት ይከብደውና ውሃው ይወስደዋል። ከመስጠሙ በፊት አበባውን ወርውሮላት "አትርሺኝ" ይላል። ከጽሑፉ ሥር አንዷን አድርቀሽ ለጥፈሽልኛል። ሰማያዊነቷ ዛሬም አልለቀቀም። እኔ ግን ለዚህ ደብዳቤ መልስ አልሰጠሁም።

ዕዳዬን ልክፈል። አንቺ የዚያን ላክሽልኝ፤ እኔ የእኛን ልላክልሽ።

ሬዲዮው መስከረም በጠባ ቁጥር "ጸደይ ገባ" ሲል እማሆይ እንዴት እንደሚቆጡ ትዝ ይልሻል? በእሳቸው ቆጠራ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። አበባው የመፀው ነው። ጸደይ የሚሉት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ነው። ያኔ የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው እውነታቸውን ነው፤ ደግሞም ደስ ይላል። የእማሆይ ጸደይ የሚውለው ያንቺ የሰማይ ቁልፍ በምትፈካበት ጊዜ ነው። ጸደዩ አንቺ ጋ፣ መፀው እኔ ጋ ነው ማለት ነው። ዘመነ ጽጌም ከትናንት ወዲያ ገባ። እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን። እመቤታችን ልጇን አዝላ በግብፅ በረሃ የተሰደደችበት እያሉ እማሆይ የሚጾሙት፣ አበባ ባዩ ቁጥር የሚያማትቡበት ጊዜ።

አደይ ዘንድሮ እንጦጦን አልብሳዋለች። የመስቀል ወፍና አደይ አበባ መስከረም ሲጠባ ቀጠሮ አላቸው ይባል የለ? ልጅ ሆነን ወፉ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስለን ነበር። የትም አልሄደም ለካ። ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ተመሳስሎ አጠገባችን ነው የሚኖረው። የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ወንዱ ላባውን ይለውጣል። አንዱ ቀይና ጥቁር ይለብሳል፣ አንዱ ረጅም ጭራ ያወጣል። ያኔ "የመስቀል ወፍ መጣ" እንላለን። አደይም እንደዚያው ናት፤ ዘሯ በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። እኔና አንቺ እንግጫ ነቅለን ስንጎነጉን፣ አደይ እየሰካን የእማሆይን ምሰሶ ስናስር፣ ከእግራችን ሥር የሚቀጥለው ዓመት አበባ ተኝቶ ነበር።

መጭንና አደይን ሰው ሁሉ ያምታታል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ባንድ ሰሞን ይወጣሉ። እማሆይ ግን አበባውን አያዩትም ነበር። "ቅጠሉን ዳሺው" ነበር የሚሉኝ። የመጭ ቅጠል ድፍንና ሻካራ ነው፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው። የአደይ ቅጠል ግን የተሰነጣጠቀና ቀጭን ነው። ልጄን ዓይኗን አስጨፍኜ ሁለቱን አስዳበስኳት። ለየቻቸው! ንቦቹ ግን አይመርጡም፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር ከሁለቱም ነው።

እንሶስላን ሳላነሳ ብቀር ትቀየሚኛለሽ። ከወንዙ ወዲያ ጥላ ሥር የምትበቅለው። አበባዋ ትልቅና ነጭ፣ ጉሮሮዋ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለባት፣ ከኋላዋ ቀጭን ረጅም ጭራ የምትጎትት። እማሆይ ሥሩን ይቆፍሩታል፣ ይልጡታል፣ በሙቀጫ ይወቅጡታል። ከዚያ መዳፋችን ላይ ይለጥፉና በጉሎ ቅጠል ሸፍነው በጨርቅ ያስሩታል። እሳት ዳር ተቀምጠን እንሞቃለን። አፍንጫዬን ሲበላኝ አንቺ በክንድሽ ታኪልኝ ነበር፤ እጃችን ታስሮ። ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ማን የበለጠ እንደቀላ እንፎካከራለን። ሁልጊዜ የአንቺ ነበር የሚቀላው። የደረሰ ፍሬዋን ስንነካው በእጃችን ላይ ፈንድቶ ዘሩን ሲረጨው የምንጮኸውስ? የእንሶስላ ወገን እዚያም አገር አለ፤ "አትንኪኝ" ይሉታል። ሲያብብ ፈልጊውና ለልጆችሽ አሳዪልኝ።

ከስሞቹ ሁሉ አሁን አሁን የሚገርመኝ አስተናግር ነው። በየቆሻሻው ዳር የሚበቅለው፣ ነጭ የጡሩንባ አበባ ያለው። ልጆች ሆነን ጡሩንባውን ስንቀጥፍ እማሆይ ዱላ ይዘው የተነሱብን ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አልገባንም ነበር። ይህ ተክል መርዝ ነው፤ የበላው ሰው አእምሮው ይሳትና የሌለ ነገር እያየ ይለፈልፋል። ሊሞትም ይችላል። "አስተናግር"፣ የሚያናግር ማለት ነው። ስሙ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ስሙን ከሰማ ማስጠንቀቂያውን ሰምቷል። ልጄ ይህን ስም ሳታውቅ ብታድግስ? ይህ ነው ያሳሰበኝ። አሁን ሁሉም "አረም" ተብሎ ይታጨዳል። አረም ማለት ስም አይደለም። ስሙን ለማወቅ ያልደከመ ሰው የሚሰጠው መልስ ነው።

ሌላም ስንት አለ። የሴት ቀስት፣ የጅብ ጥላ፣ የምድር እምቧይ። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምተናል? እንጦጦ ስንወርድ ግን ልጄን አስቁሜ አሳየኋት። የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን ወግቶት ነጭ ወተቱ በግንዱ ላይ ይወርድ ነበር። "እውነትም ያለቅሳል" አለች። ተረቱን የፈጠረው ሰው የቆመበት ቦታ ላይ የቆምን መሰለኝ።

እንግዲህ ልለምንሽ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቻለሁ። በየገጹ አንድ ተክል፤ ስሙ፣ እማሆይ ምን ይሉ እንደነበር፣ የት እንዳየነው። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሞልቻለሁ። የቀረው አንቺ ዘንድ ነው። እማሆይ መድኃኒት ሲለቅሙ ዘንቢል የምትይዢላቸው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ቢራቢሮ ሳሳድድ። የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ። በጀርመንኛ የምታውቂውንም ጨምሪ። በስልክ ብትደውዪም አነሳለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ሃያኛው ገጽ ላይ ሥዕሏን ብቻ አስቀምጫለሁ። ልጄ ናት የሳለቻት። ውሃ ዳር፣ መሬት ለመሬት የምትሳብ። ሁለት ሰማያዊ ጆሮ የመሰለ ቅጠል ከላይ። ጠዋት ተከፍታ ከቀትር በፊት የምትከደን። ከሥሯ ያለውን አረንጓዴ ጽዋ ቆንጠጥ ስናደርገው የሚያጣብቅ የጠራ ጠብታ ይወጣል፤ "አለቀሰች" እያልን በጣታችን እንቀባባው ነበር። እህት ዓለም፣ ስሟ ማን ነበር?

የአንቺው፣
አብሮ አደግሽ